ለሺሜ መምህሬ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይህን ምስጋና ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ሺሜ ዳይኮ የምትባለውን ትንሿን የጃፓን ከበሮ በኢንተርኔት ላስተማሩኝ፣ ጃፓን ለሚኖሩት መምህሬ ነው።

የምኖረው ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ነው። እዚህ የጃፓኖች ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተ የታይኮ፣ ማለትም የጃፓን ከበሮ፣ ቡድንም አለ። አንድ ዓመት በሐምሌ የሰፈሩን በዓል ለማየት ሄድኩ። ትልልቆቹ ከበሮዎች ሲያጓሩ ጆሮዬ የቀረው ትንሿ ላይ ነው። ድምጿ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ነው። ሳታቋርጥ ለሁሉም ምቱን ትይዝላቸዋለች። ስሟ የመጣው «ማጥበቅ» ከሚለው የጃፓን ቃል ነው። ሁለቱ ቆዳዎቿ ብረት ቀለበት ላይ ተሰፍተው በገመድ፣ አሁን አሁን ደግሞ በብሎን፣ ክርር ብለው ይወጠራሉ።

መጀመሪያ የተቀዱ ትምህርቶች ገዝቼ ብቻዬን ሞከርኩ። የሚያርመኝ ስላልነበረ ስህተቴን ነው ያጠነከርኩት። ማታ ማታ ክንዴን ያመኝ ጀመር።

ከዚያ እሳቸውን አገኘሁ። እኔ ጋ ማክሰኞ ማታ፣ እሳቸው ጋ ረቡዕ ረፋድ ላይ እንገናኛለን። የመጀመሪያ ቀን ካሜራውን በጎን በኩል፣ የእጄ አንጓ እንዲታይ አስቀምጥ አሉኝ። መታሁ። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና «በእጅ የሚመታ ከበሮ ታውቃለህ?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መትቻለሁ። በመዳፍ ስትመታ እጅህ ቆዳው ላይ ትንሽ ያርፋል። እኔም ባቺውን፣ ማለትም መምቻውን ዱላ፣ እንደዚያው እየተጫንኩት ኖሯል። ሺሜ ላይ ግን ዱላው ነጥሮ ይመለሳል፤ የአንተ ሥራ መንገዱን አለመዝጋት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ክንዴን ያሳመመኝ ይሄ ነበር! በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የአገራችንን ከበሮ አስመትተው ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ይህን አልረሳውም።

ሦስት ሳምንት ግራ እጄን ብቻ አሠሩኝ። ግማሹን ከበሮ ላይ፣ ግማሹን ትራስ ላይ። ትራስ ዱላውን አይመልስልህም፤ ራስህ ማንሳት አለብህ። ምቱን ደግሞ መጀመሪያ በአፍ ነው የሚያስጠኑት፦ «ተን»፣ «ተኬ»፣ «ጹኩ» እያሉ። ኩቺ ሾጋ ይሉታል። ዜማ በቃሉ ለተማረ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

በኢንተርኔት መማር ችግር የለውም አልልም። ድምፁ ስለሚዘገይ አብሮ መምታት አይቻልም። ዙም ደግሞ ከበሮውን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ለሙዚቀኞች ተብሎ የተሠራውን የድምፅ ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል፤ ያንን ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። በሳምንቱ መሀል የተለማመድኩትን ቀድቼ እልካለሁ። የቱ ደቂቃ ላይ ግራ እጄ እንደዘገየ ሳይቀር ጽፈው ይመልሱልኛል። ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት።

ባለፈው ወር በሰፈራችን ልምምድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሺሜውን ለእኔ ሰጡኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምቱን ያዝኩ። ክንዴን አላመመኝም። ሴንሴይ (መምህሬ)፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መማር ለምትፈልጉ፣ ከበሮ ለመግዛት አትቸኩሉ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥንድ ባቺና አንድ ጠንከር ያለ ትራስ ይበቃል። የመምህሬ እንግሊዝኛ ቀላልና ግልጽ ነው። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ።