ለዶክትሬት ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ቱሉ ዲምቱ ያሉትን ጋሼን ሳታገኙ እንዳትቀርቡ!

ይህን ሳልጽፍ ብተኛ ህሊናዬ እረፍት አይሰጠኝም። የጀርመን የዶክትሬት መግቢያ ቃለ መጠይቄን አልፌያለሁ! ደብዳቤው መጥቷል። ተመስገን። ከፈጣሪ ቀጥሎ ምስጋናዬ ለአንድ ጡረተኛ መምህር ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት ካሉት ሱቆች በአንዷ ውስጥ ተማሪዎችን ለቃለ መጠይቅ ያዘጋጃሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ጋሼ ልበላቸው።

መጀመሪያ ግን የተቃጠልኩበትን ልተንፍስ።

መሀል ከተማ አንድ ቢሮ አለ። ስሙን አልጠራም። ፎቁ ሊፍት አለው፣ ግድግዳው ላይ የየአገሩ ባንዲራ ተደርድሯል፣ እንግዳ ተቀባይዋም ሳቂታ ናት። ገንዘቡን በቅድሚያ ተቀበሉኝ። ከዚያ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጥያቄና መልስ ሰጡኝና «ይህን በቃልሽ ያዢ» አሉኝ። ገልጬ ሳየው ግማሹ የቪዛ ጥያቄ ነው! አግብተሻል ወይ፣ ትመለሻለሽ ወይ፣ ወጪሽን ማን ይሸፍናል። የኔ ጥናት እንሰት ላይ ነው። እኔ የምፈልገው ስለ እንሰት የሚያፋጥጠኝ ሰው ነበር። ይህን ስላቸው «እህት፣ ሁሉም በዚህ ነው ያለፈው» ብለው ሸኙኝ። ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ደግሞ ሥራ አስኪያጁ መስክ ወጥቷል ተባልኩ። እስካሁን መስክ ላይ ነው።

ሌላው በቴሌግራም የሚያሰለጥን ልጅ ነው። በቴሌብር ከፈልኩት። ልምምዱ በደረሰ ቁጥር «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ይላል። አንድ ቀን ተሳክቶ ብንገናኝ ስለ ራሱ ስኮላርሺፕ ሲያወራልኝ ሰዓቱ አለቀ። እኔ አፌን አልከፈትኩም። ተጠያቂዋ እኮ እኔ ነኝ!

ተስፋ ቆርጬ ነበር ማለት ይቻላል። የጠቆመችኝ ከፎቃችን የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ልጇን እሳቸው ናቸው ያዘጋጁት። እውነቱን ለመናገር ሱቋን ሳይ ቅር አለኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ቡና የምታፈላ ሴትዮ።

ጋሼ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተምረው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጠያቂዎቹ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት ስለተቀመጡ ጠያቂ ምን እንደሚሰለቸው ያውቁታል። ወረቀቴን ተቀበሉኝ፣ አነበቡት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፉት።

«በይ ልጄ፣ አሁን በአማርኛ ንገሪኝ። ለኔ ሳይሆን ለእሷ» ብለው ቡና የምታፈላዋን ጠሯት።

ሴትየዋ የጉራጌ ልጅ ናት፣ እንሰት ጓሮዋ ነው ያደገችው። ነገርኳት። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚባለውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉን አጠውልጎ ተክሉን ይገድለዋል፣ መድኃኒትም የለውም። ሳይንስ የመዘገበው እዚሁ አገራችን በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ተገኘ። እኛ አገር ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ነው። ከታመመው ወደ ጤነኛው ከሚያሸጋግሩት ዋናው ቢላዋ ነው። እሷ ስኒ እያጠበች ሰማችኝና «ታዲያ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ነዋ! ይሄን እናቴም ታውቀዋለች። ግን ለእያንዳንዱ እግር እሳት ማን ያነዳል? በየት ጊዜ?» አለችኝ።

ጋሼ ጠረጴዛውን መታ አደረጉት። «አየሽ፣ ጥናትሽ ያለው እዚች ጋ ነው። መፍትሔው እየታወቀ ለምን አይሠራበትም? ከዚህ ጀምሪ።»

እኔ እንዲህ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ስለ ናሙና አወሳሰድና ስለ ስታቲስቲክስ ያፋጠጡኝን ብዘረዝር ታንቀላፋላችሁ፣ ይለፈን። አንድ ነገር ግን ሁላችሁንም ይጠቅማል። እኛ ስናድግ «እኔ» ማለት ነውር ነው። የሠራነውን ሁሉ «እኛ ሠራን» እንላለን። ጋሼ በዚህ ትዕግሥት የላቸውም። «መረጃውን ማን ሰበሰበ?» «እኛ።» «ማን ነው እኛ? ጭቃ ላይ የቆመው ማን ነው?» «እኔ።» «እንግዲያው እኔ በያ! እዚያ ያሉት ሰዎች ትሕትናሽን አያውቁትም፣ ያልሠራሽ ነው የሚመስላቸው።» የማላውቀውን ሲጠይቁኝም አላውቅም እንድል፣ ቀጥዬ ግን እንዴት አድርጌ እንደማጣራው እንድናገር አሠለጠኑኝ።

የሰዓቱን ነገርማ እንዴት ልርሳው! ግብዣው በጀርመን ሰዓት ጠዋት 10:00 ይላል። ጀርመን ደርሶ የመጣ ዘመዴ ልዩነታችን ሁለት ሰዓት ስለሆነ በኛ 6 ሰዓት ነው ብሎኝ ነበር። ጋሼ ቀኑን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሑድ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያደርጋል። ቀጠሮዬ ደግሞ መጋቢት ማለቂያ፣ ከዚያ እሑድ በኋላ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል፣ የምቀርበውም 5 ሰዓት ላይ ነው። በዘመዴ ሒሳብ ብሄድ እኮ ጠያቂዎቼ ተነስተው ምሳ ሊሄዱ ሲሉ ነበር የምከፍተው!

የቃለ መጠይቁ ዕለት በጠዋት መብራት ጠፋ። እኛ ሰፈር ይሄ ዜና አይደለም። ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ ጋሼ ሮጥኩ። የእህታቸው ልጅ ከጓዳ አንዲት ሳጥን አውጥቶ ከባትሪ ጋር አያያዛት፣ ምን እንዳደረገ እስካሁን አልገባኝም፣ ብቻ ኢንተርኔቱ ሠራ። ጋሼ ጓዳዋን ለቀውልኝ በሩን ዘግተው ውጭ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

መሀል ላይ፣ አንዷ ጠያቂ «ገበሬዎቹ ምክርሽን ባይቀበሉስ?» እያለችኝ፣ ከሩቅ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልቤ ቀጥ አለ። ድምፁ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና ድንገት ጠፋ። እኔም ከቡና አፍይዋ ጥያቄ ተነስቼ መለስኩ፤ ምክሩ የማይተገበረው ጊዜና ማገዶ ስለሚበላ ሊሆን እንደሚችል፣ መጀመሪያ የማጠናውም ይህንኑ እንደሆነ። ጠያቂዋ ራሷን እየነቀነቀች ጻፈች።

ጨርሼ ስወጣ ጋሼ ከቆራሌው ጋር በሹክሹክታ ዋጋ ይከራከራሉ። ውሃ የሚያጠራቅሙባቸውን ሁለት ደህና ጀሪካኖች ይዘው «ጨምር» ይላሉ፣ ልጁ «አልጨምርም» ይላል፣ እሳቸው ሌላ ወሬ ያመጣሉ። ለካ እንዳይጮህብኝ ብለው ነው ያንን ሁሉ ጊዜ ይዘው ያቆዩት! መጨረሻ ላይ ጀሪካኖቹን ሸጡለት፣ በርካሽ። ቱሉ ዲምቱ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሌላ ልግዛልዎ ብል ተቆጡኝ። የከፈልኳቸው መሀል ከተማ ከተበላሁት ሩቡን አይሞላም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ባንዲራ ለሰቀለ ሁሉ አትበትኑ። ጋሼ ጋ ሂዱ! እዚሁ አገር ቤት የመግቢያ ፈተናውን አልፋችሁ ቃለ መጠይቅ የቀራችሁም ሂዱ፣ የውጭ ብቻ አይደለም። በጣም፣ በጣም ጎበዝ ናቸው። ሩቅ ነው አትበሉ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሳበት አካባቢ እኮ ነው፣ ከቃሊቲ ታክሲ አለ። አድራሻውን ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። የጥናት ሐሳባችሁን አትማችሁ ያዙ፣ ከስልክ ላይ ማንበብ አይወዱም። ቅዳሜ ከሰዓት ይጨናነቃሉ፣ በጠዋት ድረሱ።