የዓይን ሌዘር ለአብራሪ፦ ክሊኒኩ ጎበዝ ነው፣ ስለ ሌሊት ግን ራሳችሁ ጠይቁ

ሰሞኑን «ሌዘር ልሠራ ነው፣ አንተ የት ተሠራህ?» የሚሉኝ የበረራ ተማሪዎች በዝተዋል። ምስጋናም ወቀሳም ስላለኝ የክሊኒኩን ስም እዚህ አልጠራም። ቦታው ዲሲ አካባቢ ነው። እኔ በትንንሽ አውሮፕላኖች በረራ አስተምራለሁ፤ የመነጽሬ ቁጥር ማይነስ አራት ገደማ ነበር፣ ትንሽ አስቲግማቲዝምም (የኮርኒያ፣ ማለትም ዓይን ፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን፣ ቅርጽ አለመስተካከል) ነበረኝ። አገልግሎቱ ለማንኛውም ሰው አሪፍ ነው። ለአብራሪ ግን ግማሹን ሥራ የምትሠሩት ራሳችሁ ናችሁ።

በቅድሚያ፣ ለመብረር ሌዘር ግዴታ አይደለም። እዚህ አሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው ኤፍኤኤ ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ሜዲካል (የአብራሪ የጤና ማረጋገጫ) የሚፈልገው እያንዳንዱ ዓይን ሩቁን 20/20 እንዲያይ ነው። በመነጽር ይሁን ያለ መነጽር ግድ የለውም። ለሦስተኛ ደረጃ 20/40 ይበቃል። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአንደኛ ደረጃ መስፈርት በእያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ በሁለቱ አንድ ላይ 6/6 ነው (6/6 ማለት ያው 20/20 በሜትር ሲጻፍ ነው)፤ መለዋወጫ መነጽር አጠገባችሁ እስከያዛችሁ ድረስ በመነጽር መብረር ይቻላል። «መነጽር ያደረገ ፓይለት አይሆንም» የሚለው ወሬ ስንቱን ልጅ ተስፋ እንዳስቆረጠ ቤት ይቁጠረው። ቀጣሪ አየር መንገድ ጠበቅ ያለ የራሱ መስፈርት ሊኖረው ስለሚችል ግን፣ ከመሠራታችሁ በፊት ቀጣሪውንና የአቪዬሽን ሐኪሙን ጠይቁ።

ታዲያ ለምን ተሠራህ ካላችሁኝ፣ ሄድሴት፣ ስንበር ጆሮ ላይ የምናጠልቀው ማዳመጫ፣ ነው ያስመረረኝ። መነጽሩን ከጆሮዬ ኋላ ጨምቆ ይይዘውና ከረጅም በረራ ስወርድ ራሴን ይወቅረኛል። በበጋ ደግሞ ላብ ሲጨመርበት መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ አልቆም ይላል።

ምርመራው ላይ አልቀለዱም። ኮንታክት ሌንስ ቀድሜ እንዳቆም አደረጉኝ፣ የኮርኒያዬን ውፍረት ለኩ፣ ቅርጹን በካርታ አነሱ፣ ቁጥሬ እንዳልተለዋወጠ የድሮ ማዘዣዎቼን አይተው አረጋገጡ። ኮርኒያው ቀጭን ወይም ቅርጹ እየሾጠጠ የሚሄድ ሰው እንደማይሠሩ በግልጽ ነገሩኝ። ደንበኛ መመለስ የሚችል ክሊኒክ ደስ ይለኛል።

ምርጫው ሦስት ነበር። ላሲክ ላይ ከኮርኒያው ስስ ክዳን ተቆርጦ ይገለጣል፣ ሥሩ በሌዘር ይቀረጻል፣ ክዳኑ ይመለሳል፤ ቶሎ ታያላችሁ። ስማይል በጥቂት ሚሊሜትር ቀዳዳ ከውስጥ ቀጭን ቁራጭ ያወጣል። ፒአርኬ ክዳን የለውም፣ የላይኛው ስስ ሽፋን ይነሳና ሌዘሩ በቀጥታ ያርፋል፤ ሽፋኑ እስኪያድግ ግን ያሠቃያል። እኔ ፒአርኬን መረጥኩ፣ ምክንያቴም ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁና ክርን ዓይኔን ቢመታኝ ክዳኑ እንዳይንቀሳቀስ ብዬ ነው። ለሲቪል በረራ ሦስቱም ያስኬዳሉ። ናሳ እንኳ በ2007 እ.ኤ.አ. ለጠፈርተኞቹ ሌዘር ፈቅዷል። ከፍታ ላይ እይታ ይዛባል የሚባለው ወሬ ሥሩ በፊት ኮርኒያን በምላጭ እየሰነጠቁ ይሠሩት የነበረው ሌላ ቀዶ ጥገና ነው።

ሥራው ራሱ ቶሎ አለቀ፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሚመስለው ሽታ በቀር ምንም አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ግን የጉድ ናቸው፣ የአንድ ድግስ ሙሉ ሽንኩርት ብቻዬን የከተፍኩ ይመስል እንባዬ አይቆምም፣ መጋረጃ ዘግቼ ነው የተኛሁት። «በማግስቱ ቢሮ ትገባለህ» ያለችኝ የክሊኒኩ አማካሪ የላሲኩን ታሪክ ነው የነገረችኝ።

ይቺው ልጅ ሌላም ነገር ልትሸጥልኝ ሞክራለች። «አንዱን ዓይን ለቅርብ ብናስተካክለው ከአርባ በኋላ የማንበቢያ መነጽር አያስፈልግህም» አለችኝ። ሞኖቪዥን ማለት ይሄ ነው። በጥቅምት 1996 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላጋርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የዴልታ 554 በረራ ሲያርፍ የአቀራረብ መብራቶቹን መትቶ ነው መንደርደሪያው ላይ የወደቀው፤ ማንም አልሞተም። መርማሪዎቹ ካፒቴኑ ሞኖቪዥን ኮንታክት ሌንስ ማድረጉና ርቀቱን በትክክል መገመት አለመቻሉ ዋናው ምክንያት ነው ብለዋል። ኤፍኤኤም በቀዶ ጥገና ሞኖቪዥን የተሠራ አብራሪ ስድስት ወር የሩቁን የሚያስተካክል መነጽር አድርጎ እንዲበር ይጠይቃል። መነጽር ለመጣል ከፍሎ መልሶ መነጽር! ይቅርብኝ አልኳት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሌሊቱ። ክሊኒኩ ስኬቱን የሚለካው ቀን ላይ በፊደል ሰሌዳ ነው፣ እኔም ሰሌዳውን በሚገባ አነበብኩ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ሲመሽ ከጓደኛዬ ጋር ተሳፋሪ ሆኜ ወጣሁ። የመንደርደሪያው ጠርዝ መብራቶች እያንዳንዳቸው ጢም አብቅለዋል። ፓፒ የምንላቸው ከመንደርደሪያው ጎን ያሉ አራት መብራቶች ሁለቱ ነጭ ሁለቱ ቀይ ሲሆኑ ቁልቁለታችሁ ልክ ነው ማለት ነው። እኔ ግን የየመብራቱ ቀለበት ከጎረቤቱ ጋር ተደባልቆ ቀዩ የት አልቆ ነጩ የት እንደሚጀምር አልለይ አለኝ። በጨለማ የዓይን ቀዳዳ ስለሚሰፋ ብርሃን በሌዘር ካልተቀረጸው ዳር በኩልም ይገባል፤ ገና ያልዳነ ኮርኒያም ብርሃን ይበትናል። በእኔ ላይ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ፣ የማይጠፋበት ሰውም አለ። ስለዚህ በጨለማ ቀዳዳችሁ ምን ያህል እንደሚሰፋና ሌዘሩ ምን ያህል ስፋት እንደሚሸፍን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ እስክጠይቅ ማንም አላነሳውም።

ድርቀቱም አለ። ሌዘር የኮርኒያን ነርቮች ስለሚነካ ዓይን ለወራት ይደርቃል፣ የአውሮፕላን አየር ደግሞ ራሱ ደረቅ ነው። ሰው ሠራሽ እንባ በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው።

ወረቀቱን በተመለከተ ክሊኒኩ ባዶ ነበር። የኤፍኤኤን 8500-7 የዓይን ምርመራ ቅጽ ሰምተውት አያውቁም፣ አትሜ ወሰድኩላቸው። ሐኪሙ ግን ጨዋ ሰው ነው፣ ቁጭ ብሎ ሞላው። ዓይኑ ድኗል፣ እይታው ረግቷል፣ ሌሊት የሚያስቸግር ብርሃንም ቀለበትም የለም የሚል ማረጋገጫ ያስፈልጋል። እስከዚያ ራሳችሁን ከበረራ ማገድ አለባችሁ፣ እንደ እኔ በሰዓት የሚከፈላችሁ ከሆነ ደግሞ ለዚያ ጊዜ የሚሆን ብር አስቀምጡ። ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ኤችኤስኤ (ለሕክምና የሚቀመጥ ከግብር ነፃ ቁጠባ) ያለው ከዚያ መክፈል ይችላል።

የቅድመ ሌዘር ልኬታችሁን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። ወደፊት የዓይን ሞራ ቢመጣ የሚተካው ሌንስ ስሌት ያን ይፈልጋል፤ ከሌዘር በኋላም የዓይን ግፊት ሲለካ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ግላኮማ የሚመረምር ሐኪም ያን ቢያውቅ ይሻላል። ለቅጂው ለብቻ አስከፈሉኝ፣ ያን ሁሉ ሺህ ዶላር ከተቀበሉኝ በኋላ!