የኤልኤም358 ማጉያ ቦርድ ለመኪና ሴንሰር ትሆናለች?

ለሚቸኩል ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቦርዷ (ኤልኤም358 በሚባል አይሲ፣ ማለትም በአንድ ቁራጭ በተጠቃለለ ሰርኪት፣ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የምታጎላ ሰሌዳ) ርካሽ ናት፣ ማጉላቱንም ታጎላለች፤ ግን ከፌስታሏ አውጥቶ በቀጥታ መኪና ላይ የሚያስራት ሰው ይናደዳል።

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። አንድ ደንበኛዬ ባለ 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር ላንድክሩዘር ፒካፕ አለው። የክሩስኮቱ አርፒኤም ጌጅ (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው) ከሞተ ቆይቷል፤ ዲጂታል ቆጣሪ ገዝቶ መጣና "ግጠምልኝ" አለኝ። ገጠምኩለት። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር፣ ዜሮ ያሳያል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ይነቃል። ሴንሰሩ አልተበላሸም። የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለው ባለ ሁለት ሽቦ ማግኔታዊ ሴንሰር የሚዞረው ማርሽ ጥርስ በአጠገቡ ሲያልፍ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ጥርሱ በዘገየ ቁጥር ቮልቱም ይወርዳል። ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጌ ስለካው ሚኒሞ ላይ ግማሽ ቮልት አይሞላም፤ ቆጣሪው የሚፈልገው አምስት ቮልት ገደማ ነው።

ይህን ምልክት ለማጉላት ከመርካቶ ያመጣኋት ቦርድ አውራ ጣት ታክላለች፤ ፕላስ፣ ማሳ (ኔጌቲቭ)፣ መግቢያና መውጫ፣ በካቻቢቴ የምትዞርና የማጉያውን መጠን የምትወስን ሰማያዊ ትሪመር፣ መሃል ላይ ባለ ስምንት እግር አይሲ። ዋጋዋን አልጽፍም፤ በሄድኩ ቁጥር ሌላ ነው። ሻጮቹ "እስከ 100 እጥፍ" ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ጣጣው ግን የሚመጣው ከዚሁ ነው። 50 ሚሊቮልት የአልተርኔተር ረብሻ በ100 ሲባዛ 5 ቮልት ይሆናል፣ ቆጣሪው ደግሞ ከእውነተኛው ምልክት አይለየውም። ትሪመሯን እስከ ጫፍ ስትወስዷት ቆጣሪው የሌለ ዙር ሲቆጥር የምታዩት ለዚህ ነው። ለዚህ ሥራ 11 እጥፍ ይበቃል፤ ትሪመሯን አንስቼ በ100 ኪሎኦምና በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ተካኋት። ንዝረት ያለበት ቦታ ላይ ትሪመር አላምንም።

ትልቁ ጉድለቷ መግቢያው ነው። ምንም መከላከያ የለውም። ይህ ዓይነት ሴንሰር ሞተሩ ሲሮጥ አሥር ቮልትን አልፎ ሊሄድ ይችላል፣ ግማሹ ሞገድ ደግሞ ከማሳ በታች ይወርዳል፤ ኤልኤም358 ከማሳ በታች የሚችለው 0.3 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊቱ 10 ኪሎኦም፣ ከዚያ ወደ ማሳ ትርፉን ቮልት የሚቆርጥ የ4.7 ቮልት ዜነርና ከማሳ በታች የሚወርደውን የሚይዝ አንድ ሾትኪ ዳዮድ በየድኩ። ይህን ፋብሪካው ቢጨምርበት ስንት ያወጣ ነበር? ምንም።

ሌላው መታወቅ ያለበት፦ አይሲው ከሚገባለት ቮልት 1.5 ያህል ቀንሶ ነው የሚያወጣው። በ5 ቮልት ካሠራችሁት 3.5 ላይ ይቆማል፣ ስንቱ ቆጣሪ ይህን አይቀበልም። በ7808 ሬጉሌተር (ቮልት አስተካካይ) 8 ቮልት ሰጥቼው 6.5 አገኘሁ። ከባትሪ በቀጥታ አታስሩት፤ አልተርኔተር ሲሞላ 14 ቮልት ያልፋል፣ ቦርዷ የተባለላት እስከ 12 ነው።

በተረፈ ብየዳዋ ንጹሕ ነው፣ እግሮቹ ላይ የተጻፈው ልክ ነው። አይሲው ውስጥ ሁለት ማጉያ አለ፤ በእኔዋ ሁለተኛው ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ነበርና ምልክቱን ወይ በርቶ ወይ ጠፍቶ ብቻ ወደሚሆን አራት ማዕዘን ሞገድ እንዲቀይር አሠራሁት። አሁን ቁጥሩ ሚኒሞ ላይ አይዘልም። ለዚሁ ዓይነት ሴንሰር ተብሎ የተሠራ ኤልኤም1815 የሚባል አይሲ አለ፣ ምልክት አለ ወይም የለም የሚልበትን የመቁረጫ ቮልት እንደ ምልክቱ ጉልበት ራሱ ያስተካክላል፤ እኔ በምሄድባቸው ሱቆች አላገኘሁትም። የምታገኙ ካላችሁ እሱን ግዙ።

ቦታዋ ከክሩስኮት ሥር እንጂ ሞተር አጠገብ አይሁን። ኤልኤም358 የተሠራው ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ላለ ሙቀት ነው። ሞተር ክፍል ውስጥ ካላስቀመጥኳት የሚል ሰው አይሲውን ነቅሎ የበለጠ ሙቀት የሚችለውን ኤልኤም2904 ይተካበት፤ የእግሮቹ አቀማመጥ አንድ ነው።