የእርጎ አይስክሬም፦ ከሱቅ ይገዛ ወይስ ቤት ይሠራ?

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሱፐርማርኬት ፍሪዘር ውስጥ እንደ ያሶ ያሉ በእንጨት የሚያዙ የእርጎ አይስክሬሞችን ሳታዩ አትቀሩም። እኔ በጣም እወዳቸዋለሁ። ግን ቤትም ይሠራል።

ካሎሪ፦ ከያሶ ብዙዎቹ ጣዕሞች አንዱ ፍሬ 100 ካሎሪ ገደማ፣ ፕሮቲኑ 5 ግራም አካባቢ ነው። ቸኮሌት የተቀቡት ከፍ ይላሉ፤ ካርቶኑን ገልብጣችሁ አንብቡ። የቤቱ በእጃችሁ ነው። ስብ የሌለው የግሪክ እርጎ 170 ግራሙ 100 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሁለት ፍሬ ይወጣዋል።

ልስላሴ፦ እዚህ ላይ የሱቁ ይበልጣል። እርጎ ውሃ ይበዛዋል፤ ቤት ሲቀዘቅዝ እንደ በረዶ ድርቅ ይላል። ፋብሪካው እየመታ አየር ያስገባበታል፣ ማወፈሪያም ይጨምርበታል። እናንተም ቤት ስትሠሩ የበሰለ ሙዝ ፈጭታችሁ እርጎው ላይ ቀላቅሉበት፤ ከፍሪዘር ስታወጡትም አምስት ደቂቃ ታገሱት። ልዩነቱ ይገርማችኋል።

ዋጋ፦ እርጎውን በትልቁ ከገዛችሁ የቤቱ ይረክሳል።

ከሥራ ደክሞት ለሚገባና መጠን መያዝ ለሚያስቸግረው የሱቁ ይመቻል፤ ተለክቶ ነው የመጣው። ስኳር ለሚቆጥር፣ ልጆች ላሉበት ቤት ደግሞ የቤቱን እመርጣለሁ። ጾም ሲገባ ሁለቱም ይቀራሉ፤ ያኔ ማንጎ ፈጭቶ ማቀዝቀዝ ነው።