የሚያፈሰውን አገኙልን፤ ማስጠገኑ ላይ ተለያየን

ከውጭ ለእረፍት የመጣ ሰው ስለ ሆቴልና ስለ በረራ ይጽፋል። እኔ ዘንድሮ አገር ቤት ስገባ ከሁሉ በላይ የተመላለስኩት የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ የምጽፈውም ስለሱ ነው። ሲም ካርዱ ቶሎ ወጣልኝ፤ የባንኩ ወረፋ እንደ ድሮው ነው። ስለ ሌሎቹ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ነገሩ የመጣው በቢል ነው። እናቴና አክስቴ ብቻ የሚኖሩበት ቤት በወር የቆጠረው ውሃ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ፍጆታ ነው። እህቴ "ቆጣሪው ተበላሽቶ ነው" አለች። ጎረቤቱም ይህንኑ ደገመ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቆጣሪውን ነው። ግን ሜካኒካል ቆጣሪ ሲያረጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስተው ወደ ታች ነው። ውስጡ የሚዞረው አካል እየተበላ ስለሚሄድ ያለፈውን ውሃ አሳንሶ ይቆጥራል። ያረጀ ቆጣሪ የሚያደላው ለደንበኛው ነው ማለት ነው። ቢል ድንገት ሲዘል ከቆጣሪው በፊት ቤቱን መጠርጠር ይሻላል።

መሥሪያ ቤቱ ለመኖሪያ ቤቶች የሚያፈስ ቧንቧ በነጻ ይፈልጋል መባሉን የሰማሁት ከእህቴ ነው። እሷም ከቢሉ ጀርባ አንብባ ነው። ደወልን። ስልኩ ቶሎ ተነሳ፤ ይህን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ያነሳችው ልጅ ከስምና ከአድራሻ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ "ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ይዞራል?" እዚህ ላይ ነው አገልግሎቱን የወደድኩት። ባለሙያ ከመላካቸው በፊት ቤተሰቡ ራሱ እንዲፈትሽ ያደርጋሉ። ሰው ሳይልኩ የሚያልቅ ብዙ ጉዳይ አለና።

ፍተሻው ለማንም ይሠራል። ቧንቧውን በሙሉ ዝጉ። ታንከር ካለ ሞልቶ እስኪያቆም ጠብቁ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለ እሱም ይቁም። ከዚያ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሱት። በብዙ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ አንዱ 1,000 ሊትር ነው። ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ያሳያሉ። መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ኮከብ ወይም ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ደግሞ ለቀጭን ፍሰት እንኳ ትዞራለች። ማንም ውሃ ሳይነካ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቆዩና እንደገና ፎቶ አንሱ። ቁጥሩ ከተለወጠ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው።

የእኛዋ ኮከብ ሁለት ሰዓት አላስጠበቀችንም። ቆመን እያየናት ትዞራለች።

ሁለተኛው ፍተሻ የሽንት ቤቱ ነው። ከኋላ ባለው የውሃ ሳጥን ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩና ሳትለቁት 10 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ከሥር ያለው የጎማ ክዳን አይገጥምም ማለት ነው። ሲጨርሱ ውሃውን መልቀቅ ነው፤ ካልሆነ ሳጥኑን ያቀልመዋል። የእኛም ወረደ። እህቴ "በቃ ተገኘ!" ብላ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ልጅቷ አስቆመቻት። የሽንት ቤቱን መስመር ዘግታ ቆጣሪውን እንድታይ ነገረቻት። አሁንም ይዞራል። አንድ ቤት ሁለት ቦታ ሊያፈስ ይችላል። አንዱን አግኝቶ ደስ ብሎት የሚተኛ ሰው ሌላውን እየከፈለ ይኖራል።

ቀጠሮ ተሰጠን። ባለሙያው ግን በቀጠሮው ቀን አልመጣም። ምክንያት የነገረን የለም። ሲመጣ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። እናቴን "እማማ" እያለ ሁሉንም በተራ አስረዳት፤ እሷም "ልጄ፣ ሲሚንቶዬን እንዳታስቆፍረኝ" እያለች ከኋላው አልጠፋችም። መጀመሪያ ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ቤቱ መግቢያ ላይ ያለውን ቫልቭ ዘጋ። ቆጣሪው መዞሩን ቀጠለ። ስለዚህ ቀሪው ችግር ያለው ቤት ውስጥ አይደለም፤ በቆጣሪውና በቤቱ መካከል፣ መሬት ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አላስፈለገውም።

መሣሪያው ከዚያ በኋላ መጣ። አንደኛው ጫፉ ጆሮ ላይ የሚደረግ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ቆጣሪው ላይ፣ ቫልቩ ላይ፣ በሚታየው ቧንቧ ሁሉ ላይ እያሳረፈ አዳመጠ። በግፊት የሚወጣ ውሃ ድምፅ አለው፤ ብረት ያንን ድምፅ አርቆ ያደርሳል። ፕላስቲክ ግን ያፍነዋል። የእኛ መስመር ግማሹ የድሮ ብረት፣ ግማሹ በኋላ የተቀጠለ ፕላስቲክ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ሞክሮ "ጫጫታ አለ፤ ሌሊት ልምጣ" አለ። ሌሊት መኪና የለም። ሰውም ስለማይጠቀም የመስመሩ ግፊት ከፍ ይላል፤ ግፊት ሲጨምር የሚያፈሰው ቦታ የበለጠ ይጮኻል። የማልደብቃችሁ፣ አይመጣም ብዬ ነበር። ሊነጋ ሲል መጣ። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማበት የመሬት ማይክሮፎን ይዞ በግቢው ሲሚንቶ ላይ ቀስ እያለ ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ በቀለም ምልክት አደረገ።

ይህ ባይሠራ ጋዝ ነበር የሚቀረው። ውሃው ይዘጋና 5 በመቶ ሃይድሮጅን ከ95 በመቶ ናይትሮጅን ጋር ተቀላቅሎ በቧንቧው ይለቀቃል። ሃይድሮጅን ከጋዞች ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ በሚያፈሰው ቀዳዳ ወጥቶ፣ አፈሩንና የሲሚንቶውን ስንጥቅ አልፎ ላይ ይደርሳል፤ በማሽተቻ መሣሪያ ይያዛል። በዚህ መጠን አይቀጣጠልም። እኛ ጋ አላስፈለገም።

ምልክቱ ላይ ሲቆፈር የብረቱ መጋጠሚያ ተበልቶ ተገኘ። ለመገጣጠም ጥርስ የወጣለት ብረት ግድግዳው ስለሚሳሳ ዝገት ቶሎ የሚበላው እዚያ ጋ ነው። እስከዚህ ድረስ ላለው አገልግሎት ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ። ግማሹን የቀነስኩት ለቀረው ቀጠሮ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው።

ደንቡ በብዙ አገር አንድ ዓይነት ነው፤ እስከ ቆጣሪው የመሥሪያ ቤቱ፣ ከቆጣሪው ወዲህ የባለቤቱ። የሚያፈሰው ከቆጣሪው ወዲህ ነውና መጠገኑ የእኛ ሆነ። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አቅም ለሌላቸውና ለጡረተኞች ጥገናውን መሥሪያ ቤቱ ይሸፍናል ተብሎ በትልቁ ተለጥፏል። እናቴ ጡረተኛ ናት። ቅጹን ሞላን። "የቤቱ ባለቤት ይፈርም" ተባለ። ቤቱ በአባቴ ስም ነው፤ አባቴ ካረፈ ቆይቷል። የወራሽነት ማስረጃ አምጡ ተባለ። እሱን ለማውጣት ወንድሞቼ መፈረም አለባቸው፤ አንዱ እንደኔው ውጭ ነው፤ ውክልና ይላክ። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃው እየፈሰሰ ነው።

አስቡት፤ ይህ እርዳታ የታሰበላቸው ሰዎች እነማን ናቸው? አብዛኞቹ በሟች ባል ስም በተመዘገበ ቤት የሚኖሩ አሮጊቶችና ባለቤቱ የማይደርስላቸው ተከራዮች ናቸው። ቅጹ የሚያስወጣው ልክ እነሱን ነው። ገንዘቡ ማንም ሳይነካው ዓመቱ ቢያልቅ አይገርመኝም። የእኛን ከኪሴ ከፍዬ በግል ቧንቧ ሠራተኛ አሠራሁት። ባለሙያው በመከረን መሠረት መስመሩን ከቆጣሪ እስከ ቤት በሙሉ ቀየርነው። አንዱን የዛገ መጋጠሚያ ብቻ ብትጠግን፣ ግፊቱ ሲመለስ ቀጥሎ ያለው ይለቃል። የሽንት ቤቱን ጎማ እህቴ ራሷ ገዝታ ቀየረችው፤ እሱ ሠራተኛም አያስጠራም።

የምኖርበት አሜሪካም ቢሆን ከዚህ አይራቀቅም። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ዋተርሴንስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ አንድ ሳምንት ሰው ቤቱን እንዲፈትሽ ይቀሰቅሳል። አንድ ተራ ቤት በዓመት ከ35,000 ሊትር በላይ በመፍሰስ እንደሚያባክንም ይናገራል። በሰከንድ አንዴ ጠብ የምትል ቧንቧ ብቻዋን በዓመት ከ11,000 ሊትር በላይ ትወስዳለች። ግን መጥቶ የሚጠግንልህ ዋተርሴንስ አይደለም። እሱ እንደየከተማው ነው፤ አንዱ ከተማ ለድሃው ይጠግናል፣ ሌላው በራሪ ወረቀት ይሰጥሃል።

ደቡብ አፍሪካ ደፍረው ቤት ድረስ ገብተዋል። ጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሶዌቶ የሚያፈሱ ቧንቧዎችን በየቤቱ ጠግኗል። ከጥገናው ጋር ግን የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ አብሮ ገባ። በነጻ ይሰጥ የነበረው በወር 6,000 ሊትር ሲያልቅና ብር ሳይሞላ ሲቀር ውሃው ይቆም ነበር። ነዋሪዎች ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ። እኔ ግን የነዋሪዎቹ ቅሬታ ይገባኛል። ሊጠግንልህ የመጣ ሰው መዝጊያውንም ገጥሞልህ ከሄደ፣ ቀጥሎ ያለው ጎረቤት በሩን አይከፍትለትም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 15,000 ወጣቶችን በቧንቧና በተያያዥ ሙያዎች ለማሠልጠን አቅዳ ነበር። ሐሳቡ ደስ ይለኛል፤ ያቺ የስልክ ልጅና ያ ባለሙያ እንደነሱ ያሉ ሺህ ሰዎች ቢኖሯቸው ቀጠሮም አይቀርም ነበር።

የመጨረሻው አገልግሎት የቢል ማስተካከያ ነው። እሱን ተመልሼ ከሄድኩ በኋላ እህቴ ናት የጨረሰችው። የቧንቧ ሠራተኛው ደረሰኝ፣ ጉድጓዱ ሳይደፈን የተነሳ ፎቶ፣ የቆጣሪው የበፊትና የኋላ ንባብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቶሎ ድፈኑት ብትሉም ፎቶውን ሳታነሱ እንዳታስደፍኑት። ቅናሹ በአንድ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደግሞም መሬት ውስጥ የጠፋው ላይ እንጂ የሽንት ቤቱ ላይ አይሠራም፤ የሽንት ቤቱ ውሃ በፍሳሽ መስመር ስለወረደ እንደተጠቀማችሁበት ይቆጠራል። ሲታሰብ ትክክል ነው፤ ሰው ቢናደድ ግን አይፈረድበትም።

ቅጹ ላይ "መፍሰስ የጀመረበት ቀን" የሚል መስመር አለ። መሬት ውስጥ ያለ ቧንቧ መቼ መፍሰስ እንደጀመረ ማን ያውቃል? እህቴ "አይታወቅም" ብላ ጻፈች፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቅጹን መለሰባት። ቢሉ የዘለለበትን ወር የመጀመሪያ ቀን ጽፋ ስትመለስ ሳያነበው ማኅተም መታበት።