የሰነድ ጠረጴዛው ያዳነው የሥራ ዐውደ ርእይ

ባለፈው ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ፣ መገናኛ አካባቢ በሚገኝ አንድ የስብሰባ አዳራሽ፣ በውጭ አገር በሙያቸው ተቀጥረው መሥራት ለሚፈልጉ ተመራቂዎች የአንድ ቀን የሥራ ዐውደ ርእይ ተካሂዶ ነበር። ያዘጋጁት ጥቂት ወጣቶች በጋራ ያቋቋሙት አነስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ ምዝገባው በቴሌግራም፣ መግቢያውም በነጻ ነበር። እኔ የሄድኩት በነርስነት የተመረቀችውን የእህቴን ልጅ ይዤ ነው። ለዓመታት በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት እንደመሥራቴ፣ ወደ ውጭ ለመሄድ የተነሣ ተመራቂ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ የሚቀረው ቀጣሪ አጥቶ ሳይሆን ወረቀቱ ሳይሟላለት መሆኑን በቅርብ አውቃለሁ፤ ዐውደ ርእዩንም የመዘንኩት በዚሁ ሚዛን ነው።

በመጀመሪያ የማስታወቂያውን ነገር ላንሣ። በቴሌግራም የተሰራጨው ጽሑፍ ዓለም አቀፍ ቀጣሪዎችን ፊት ለፊት ለማግኘት ይጋብዝ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ከተደረደሩት 14 ጠረጴዛዎች መካከል ግን ክፍት የሥራ መደብ ይዘው የቀረቡት 3 ብቻ ናቸው። የቀሩት የቋንቋ ማሠልጠኛዎች፣ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች፣ የጉዞ አማካሪዎችና አንድ ባንክ ነበሩ። ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ የግማሽ ቀን ብክነት ሊሆን ይችላል፤ ከደሴ ወይም ከሐዋሳ የትራንስፖርት ገንዘብ ተበድሮ ለመጣ ተመራቂ ግን ቀላል አይደለም። አዘጋጆቹ የመረጃ ቀን ብለው ቢጠሩት ኖሮ ማንም ባልወቀሳቸው ነበር፤ ምክንያቱም በመረጃ በኩል የሰጡት አገልግሎት በከተማችን ገንዘብ ተከፍሎበት እንኳ በቀላሉ የማይገኝ ነው።

ይህን የምለው በተለይ ስለ ሰነድ ጠረጴዛው ነው። ከመግቢያው በስተግራ አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንትና አንዲት ወጣት ተቀምጠው፣ የእያንዳንዱን ተመራቂ ማስረጃ እያገላበጡ፣ የጎደለውንና በምን ቅደም ተከተል መሟላት እንዳለበት በወረቀት ጽፈው ይሰጡ ነበር። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም የቸኮለ አልነበረም። ተራችን ሲደርስ አዛውንቱ የእህቴን ልጅ፣ «ልጄ፣ ፓስፖርትሽንና ቴምፖሽን ጎን ለጎን አድርጊልኝ» አሏት፤ ቴምፖ የሚባለው ኦሪጅናል ዲግሪው እስኪታተም የሚሰጠው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ጥቂት ካዩ በኋላ የአያቷ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአንደኛው ሰነድ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ በሌላው ላይ በሁለት «ኤስ» መጻፉን በጣታቸው አሳዩዋት። «ታዲያ ጋሼ፣ የቱን ላሳርም?» ብትላቸው፣ «ኦሪጅናል ዲግሪሽ ገና አልታተመምና ሬጅስትራሩን በፓስፖርትሽ መሠረት እንዲጽፍልሽ ጠይቂው፤ ውጭ አገር ከገባሽ በኋላ ይህን ማሳረም መከራ ነው» ሲሉ መለሱላት።

ይህ ነገር ጥቃቅን የሚመስለው ወረቀት ይዞ ተሰልፎ የማያውቅ ሰው ካለ ለእርሱ ብቻ ነው። የእኛ ስም በግዕዝ ፊደል አንድ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስትና አራት መልክ ይይዛል፤ በዚያ ላይ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን አንዱ ቅጽ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በዚያ ቦታ ያስገባል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ለተወለደ ሰው ወደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሲለወጥ የሚጨመረው 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደው 8 ነው፤ የልደት ማስረጃውን የሞላው ጸሐፊ ይህን ከሳተ፣ ባለጉዳዩ በልደት ማስረጃና በፓስፖርት ላይ የአንድ ዓመት የዕድሜ ልዩነት ይዞ ኤምባሲ ይቀርባል።

ጠረጴዛው ስለ ቅደም ተከተሉ የሰጠው ማብራሪያም ትክክል ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳያጠናቅቅ ኦሪጅናል ዲግሪውን ስለማይወስድ፣ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚያ ክፍያ ነው። በግል ኮሌጅ የተማረው ደግሞ ማስረጃውን በቅድሚያ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቅርቦ ያስረጋግጣል። ከዚያ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም የመዳረሻው አገር ኤምባሲ ይመጣል። አሻራ ተሰጥቶ ከፌዴራል ፖሊስ የሚወሰደው ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ግን ኤምባሲዎች የቆየ ስለማይቀበሉ፣ ከሁሉ በኋላ ቢወጣ ይሻላል። እኔ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ይህንኑ በመስኮት በኩል ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ አይቆጠርም፤ እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ማየቴ አስደስቶኛል።

የጀርመንን ጉዳይ የያዘውን ጠረጴዛ ያቀረበው አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ስለነበር፣ ኮርስ ለመሸጥ የመጣ ነው ብዬ በጥርጣሬ ነበር የቀረብኩት። ወጣቱ አስተናጋጅ ግን ሐቁን ሳያለባብስ ተናገረ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው «ቻንሰንካርቴ» የተባለው የሥራ ፍለጋ ፈቃድ ባለ ዲግሪው ቀጣሪ ሳይዝ ለአንድ ዓመት ያህል ጀርመን ገብቶ ሥራ እንዲፈልግ የሚያስችል መሆኑን፣ ለዚህም የጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪ) ወይም የእንግሊዝኛ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ) ደረጃ ዝቅተኛው መስፈርት መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ ብዙ አማካሪዎች የሚዘሉትን ጨመረ፦ አመልካቹ ራሱን የሚያስተዳድርበት ገንዘብ ማሳየት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የተጠየቀው በወር 1,091 ዩሮ ስለነበር፣ ለዓመት በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) የሚቀመጠው ከ13,000 ዩሮ በላይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከፊቱ ከቆሙት ልጆች ግማሾቹ ሳቁ። ለነርሶችም የሙያ ዕውቅና ለማግኘት በአብዛኛው የጀርመንኛ ቢ2 እንደሚያስፈልግና ይህም የወራት ትምህርት እንደሚጠይቅ ነገራቸው። ኮርስ ሻጭ እንዲህ ተስፋ ሲያስቆርጥ ማየት ብርቅ ነው፤ እኔ ግን የበለጠ ያመንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልኩት ኤጀንሲዎች ዘንድ ስንደርስ መልኩ ተለወጠ። አንደኛዋ አስተናጋጅ የትምህርት ማስረጃን ከሰጠው ተቋም ስለሚያጣራው ዳታፍሎው ስለተባለው ድርጅትና የሙያ ፈቃድ ለማግኘት ስለሚወሰደው የፕሮሜትሪክ ፈተና በሚገባ አስረድታለች፤ ሬጅስትራሩ ለማጣራት የተላከውን ኢሜይል ሳይመልስ ቢቀር ፋይሉ እንደሚጓተት ማስጠንቀቋም ተገቢ ነው። ከጎኗ የነበረው ኤጀንሲ ግን ቅጽ ለማስሞላት ከእያንዳንዱ ተመራቂ የመመዝገቢያ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲ ከሠራተኛው ላይ የአገልግሎት ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሎ፣ ለሠራተኛው የሚተወው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና የልደት ማስረጃ ያሉትን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም መሠረቱ ይኸው ነው። ለአስተባባሪዋ ስነግራት ወዲያውኑ መጥታ ገንዘቡ ለከፈሉት እንዲመለስ አደረገች፤ ለዚህ ምስጋና ይገባታል። ሆኖም ኤጀንሲው እስከ ማታ ድረስ በቦታው መቆየቱን አልወደድኩትም፤ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ በዚያው ሰዓት መነሣት ነበረበት።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ነርሶችን ለእንግሊዝ አገር እመዘግባለሁ የሚለው አማካሪ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው፣ የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸውን 55 አገሮች በያዘው ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች፤ የእንግሊዝ መንግሥት የቅጥር ሥነ ምግባር ደንብም በመንግሥታት መካከል ልዩ ስምምነት እስካልተደረገ ድረስ በእነዚህ አገሮች ውስጥ ተንቀሳቅሶ የጤና ባለሙያ መመልመልን አይፈቅድም። አንዲት ነርስ በራሷ ተነሣሥታ ለአንድ ሆስፒታል በቀጥታ ብታመለክት አትከለከልም፤ የተከለከለው አማካሪው በዚያ አዳራሽ ቆሞ ይሠራው የነበረው ነገር ነው። የእህቴ ልጅ ስለዚህ ስትጠይቀው «ችግር የለም እህቴ፣ በእንክብካቤ ሠራተኛነት እናስገባሻለን» አላት፤ ይህ መንገድም ቢሆን ከውጭ ለሚቀጠሩ አዲስ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ተዘግቷል። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ እያወቀ የሚለውን ለመፍረድ ባልደፍርም፣ አዘጋጆቹ ጠረጴዛ ከመስጠታቸው በፊት የሚልክበትን የቪዛ ዓይነት ብቻ ቢጠይቁት ኖሮ ነገሩ እዚያው በተገለጠ ነበር።

ስለ ቀሪው ብዙ የምለው የለም። ድምፅ ማጉያው ይንጫጫ ስለነበር ከዱባይ የተመለሰው መሐንዲስ ያደረገውን ንግግር ከኋላ የተቀመጥነው አልሰማነውም። ቡናው ጥሩ ነበር።

አዘጋጆቹ በቀጣዩ ጊዜ የተሳታፊ ኤጀንሲዎችን ስምና የሥራ ፈቃድ ቁጥር ቀደም ብለው በቴሌግራም ገጻቸው ላይ እንደሚያወጡ ነግረውኛል። ይህን ካደረጉ፣ ቀጣሪና አማካሪንም በማስታወቂያው ላይ ለይተው ከጻፉ፣ ለማንኛውም አዲስ ተመራቂ እንዲሄድ ከመምከር ወደኋላ አልልም። እስከዚያው ግን ከክፍለ አገር ለዚህ ብቻ ተነሥቶ መምጣት ዋጋ የለውም፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሆነ ግን ፓስፖርቱን፣ ቴምፖውንና የልደት ማስረጃውን ከነኮፒያቸው ይዞ ጠዋት በ3 ሰዓት ቢገኝ መልካም ነው፤ የሰነድ ጠረጴዛው ከምሳ በኋላ አዲስ ሰው አይቀበልም።