ለብራውዘር ጨዋታ የትኛው ኢንጂን ይሻላል? ከጣና ዳር የተደረገ ንጽጽር

ባለፈው ሰሞን ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ አንድ የፖሊ ግቢ ተማሪ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ ጨዋታ መሥራት ልጀምር ነው፤ ጎዶትን ላውርድ ወይስ ፌዘርን?» ብሎ ጠየቀኝ። «ላፕቶፑን ዝጋውና ስልክህን አውጣ» አልኩት። ያላገጥኩበት መስሎት ፈገግ አለ። የምሬን ነበር። ጨዋታውን የሚሠራው በላፕቶፑ ነው፤ የሚጫወቱለት ጓደኞቹ ግን ስልክ ይዘው፣ ያውም በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍቱት። እንደ ጎዶትና ፌዘር ያለ ኢንጂን፣ ማለትም ጨዋታ የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ሲመረጥ ቀድሞ መመዘን ያለበት የተጫዋቹ ስልክ ነው።

ይህን የምለው አንዲት ትንሽ ጨዋታ በሁለቱም ሠርቼ ስላየሁ ነው። የደንገል ታንኳ ከዘጌ ተነሥታ በእምቦጩ መካከል እየተሽሎከለከች ባሕር ዳር ትደርሳለች፤ ጉማሬ ካገኛት ትገለበጣለች። ከዚህ ያለፈ ነገር የላትም። ለመመዘኛነት ግን በቂ ናት።

ፌዘር በጃቫስክሪፕት የሚጻፍ፣ ለሁለት አውታር (2D) ጨዋታ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነጻ ኢንጂን ነው። ዋናው ፋይል ለሥርጭት ሲዘጋጅ አንድ ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ሰርቨሩ ጨምቆ ሲልከው ደግሞ ከዚያም በእጅጉ ይቀንሳል። ፋይሉ አንድ ብቻ መሆኑ ለእኛ አገር ሠሪ ትልቅ ነገር ነው። ከጓደኛ በፍላሽ ይገለበጣል፣ አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሥራ ይጀመራል። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን እንኳ ሥራው አይቆምም።

ጎዶት ከዚህ ይለያል። ምንጩ ክፍት ሆኖ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ፈቃዱም እንደ ፌዘር ኤምአይቲ የሚባለው ነጻ ፈቃድ ነው። የራሱ መሥሪያ መስኮት አለው። ታንኳዋን በመዳፊት ጎትተው ያስቀምጣሉ፣ የሚጋጭበትን ክልል ይሥላሉ፣ እንቅስቃሴውን እዚያው ያያሉ። ቋንቋው ጂዲስክሪፕት ፓይተን ለሚያውቅ ሰው በሁለት ቀን ይለመዳል። እውነቱን ለመናገር ታንኳዋን በጎዶት ስሠራ ተደስቻለሁ፤ በፌዘር ግን ጉማሬውን ቦታው ላይ ለማቆም ቁጥር እየቀያየርኩ፣ ገጹን እያደስኩ ከሰዓት በኋላዬን ጨርሻለሁ።

ዋጋው የሚታወቀው ጨዋታው ወደ ብራውዘር ሲላክ ነው። ጎዶት 4 ከጨዋታው ጋር መላ ኢንጂኑን በዌብአሴምብሊ መልክ፣ ማለትም ብራውዘር በቀጥታ በሚያስኬደው የኮድ ዓይነት፣ ይልካል፤ ይህ ፋይል ሳይጨመቅ 30 ሜጋ ባይትን ያልፋል። ተጨምቆ ሲላክ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። እንዲያም ሆኖ አንዲት ታንኳ ለማየት ተጫዋቹ ብዙ ሜጋ ባይት ማውረድ አለበት። ጨዋታው ሰፊ ከሆነ፣ ደረጃው ሃያ፣ ሙዚቃው ብዙ ከሆነ፣ ይህ ጭነት አይታወቅም። ለአምስት ደቂቃ ጨዋታ ግን አንድ ጀበና ቡና ለማፍላት የጭነት መኪና ሙሉ እንጨት ማምጣት ነው።

ጎዶትን ለብራውዘር የሚመርጥ ሰው ሁለት ነገር ቀድሞ ይወቅ። የመጀመሪያው፣ በጎዶት 4 ሲ ሻርፕ በሚባለው የኮድ ቋንቋ የተጻፈ ጨዋታ ወደ ብራውዘር አይላክም፤ በጂዲስክሪፕት መጻፍ ግድ ነው። ሁለተኛው፣ ከ4.3 በፊት የነበሩት የጎዶት 4 እትሞች ሰርቨሩ ልዩ የደኅንነት ቅንብር እንዲኖረው ይጠይቁ ስለነበር ጨዋታው በተራ የድረ ገጽ ማስቀመጫ ላይ አይከፈትም ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የወጣው 4.3 ይህን ጣጣ በአንድ ክር (ሥራውን ሳይከፋፍል በአንድ መስመር) በሚሠራ አማራጭ አቃሎታል። ስለዚህ ከጓደኛ አሮጌ እትም አይቀበሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፤ ወደ ፊደላችን። የውጭ ንጽጽሮች ይህን አያነሡትም፤ አያስፈልጋቸውማ። በጎዶት «ጉማሬ መጣ!» ብዬ ጻፍኩ፤ በላፕቶፔ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ወደ ብራውዘር ልኬ በስልክ ስከፍተው ግን የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ጠበቁኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የጎዶት መነሻ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተር ላይ የጎደለውን ከሲስተሙ ይዋሳል፤ ብራውዘር ውስጥ ግን ከሲስተሙ መዋስ አይችልም። መፍትሔው እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ነጻ ፎንት አውርዶ ከጨዋታው ጋር ማሸግ ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ያላወቀ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ኮዱን ሲበረብር ያድራል። ዩኒቲ የሚባለው ሌላ ኢንጂንም በብራውዘር ውስጥ ይኸው ጠባይ አለው።

ፌዘር ጽሑፍን የሚያስጽፈው በራሱ በብራውዘሩ ነው። ስለዚህ ስልኩ አማርኛ የሚያሳይ ከሆነ ጨዋታውም ያሳያል፤ የተለየ ፎንት ማሸግ አያስገድድም። የፊደሉ መልክ ግን ከስልክ ስልክ ይለያያል። የራስዎን ፎንት ከጫኑ ደግሞ ፎንቱ ሳይደርስ ጽሑፉ እንዳይሣል ማስጠበቅ አለብዎት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ገጽ በሌላ ፊደል ይወጣል። ተጫዋቹ ስሙን በአማርኛ እንዲጽፍ ከፈለጉም ተራውን የድረ ገጽ መጻፊያ ሳጥን ከጨዋታው በላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ ያለ ችግር ይመጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሥዕል ሰሌዳ ላይ ፊደላትን ደርድሮ የመጠቀም ዘዴ ለላቲን ፊደል ያመቻል፤ ለእኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ሰሌዳው ይንዘረጋጋል።

ኮድ መጻፍ የማይፈልግ ወይም ልጆችን የሚያስተምር ሰው ሁለት ምርጫ አለው፦ ጂዲቨሎፕና ኮንስትራክት 3። ሁለቱም «ታንኳዋ እምቦጭ ከነካች ፍጥነቷን ቀንስ» የመሰለ የሁኔታና የትእዛዝ ሠንጠረዥ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም በራሱ በብራውዘር ውስጥ ይሠራሉ። በአሠራር ጥራት ኮንስትራክት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ነገር ግን በየጊዜው የሚከፈልበት ነው፤ ነጻው እትም የትእዛዞችን ብዛት ስለሚገድብ ጨዋታው ማማር ሲጀምር ግድግዳ ይገጥምዎታል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪና በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ በብር የሚያስወጣው ወጪ ካልኩሌተር ሳይዙ የሚወሰን አይደለም። ጂዲቨሎፕ ምንጩ ክፍት ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው እትም ጨዋታውን ወደ ድረ ገጽ አቃፊ ያለ ክፍያ ያወጣል፤ ጽሑፉንም ልክ እንደ ፌዘር በብራውዘሩ ስለሚያስጽፍ አማርኛ አያስቸግረውም። በክረምት ትምህርት ልጆችን ለሚያስተምር ሰው ያለ ማመንታት ጂዲቨሎፕን እመክራለሁ።

ዩኒቲ? ገቢዎ በዓመት ከ200,000 ዶላር በታች እስከሆነ ድረስ የግል እትሙ ነጻ ነው፤ ይህ ጣሪያ ብዙዎቻችንን አያሳስበንም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ሲወርድ በጊጋ ባይት ይቆጠራል፣ ራሙ አነስተኛ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ይንፏቀቃል፣ የብራውዘር ውጤቱም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጨዋታ በተጫነ ቁጥር ላስከፍል ብሎ ሠሪዎችን አስደንግጦ፣ በዓመቱ ሐሳቡን ሰርዟል። የሥራ ቅጥር ለሚፈልግ ሰው መማሩ ይጠቅመዋል፤ ለታንኳችን ግን አይሆንም። ሦስት አውታር በብራውዘር ከፈለጉ ባቢሎን ጄኤስን ይሞክሩ፤ ግጭትንም ድምፅንም አብሮ ይዟል። ስሙ የገነነው ስሪ ጄኤስ ምስሉን ስክሪን ላይ የሚሥል መሣሪያ እንጂ ሙሉ ኢንጂን አይደለም።

የኮድ መጻፊያን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቪኤስ ኮድ ነጻ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ ያላስቀመጡትን ጽሑፍ መልሶ የማምጣት ልማድ አለው፤ ይህ የመጨረሻው ብቻ እንኳ ያስመርጠዋል። ማሽኑ በጣም ካረጀ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይበቃል። ላፕቶፕ የሌለው ሰው አንድሮይድ ስልክ ላይ አኮድ የሚባል ነጻ መጻፊያ ጭኖ ከፌዘር ጋር መጀመር ይችላል፤ ዓይን ያደክማል እንጂ ይሠራል። የኮድዎን ለውጥ የሚመዘግበውን ጊትንም አብረው ይጫኑ፤ ታሪኩን እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ስለሚይዝ ኔትወርክ አይጠብቅም። የኤንፒኤም ዕቃዎችን (ከኢንተርኔት የሚወርዱ የጃቫስክሪፕት ኮድ ጥቅሎችን) ግን ኮኔክሽኑ ጥሩ በሆነበት ቦታ አስቀድመው ያውርዱ።

ሁለት ወጥመዶች ቀርተዋል። የፌዘር ጨዋታን ፋይሉን ሁለት ጊዜ በመጫን ቢከፍቱት ብራውዘሩ ሥዕሎቹን አይጭንም፤ በኮምፒውተርዎ ላይ የሚሠራ ትንሽ ሰርቨር ያስፈልጋል፤ ለቪኤስ ኮድ የሚጫነው ላይቭ ሰርቨር ይህን በአንድ ጠቅታ ይጨርሳል። ሌላው፣ ዊንዶውስ የእንግሊዝኛን ትልቅና ትንሽ ፊደል በፋይል ስም ላይ አይለይም፤ አብዛኛው የኢንተርኔት ሰርቨር ግን ይለያል። እኔ ቤት የምትንሳፈፈው ታንኳ ኢች አይኦ በሚባለው የጨዋታ ማሳያ ድረ ገጽ ላይ ስጭናት የጠፋችው በዚህ ምክንያት ነበር።

ያ ተማሪ በመጨረሻ ፌዘርን ከእኔ ፍላሽ ገልብጦ ሄደ። ሥራው ስለ ገበጣ ነው። ጉድጓዶቹን በቀላሉ አስተካክሏል፤ አሁን የሚያታግለው ጠጠሮቹ ሲወድቁ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ የስልክ ብራውዘር ተጫዋቹ ገጹን ሳይነካ ድምፅ አያሰማምና። መክፈቻው ላይ «ጀምር» የሚል ቁልፍ አስቀምጥ ብዬዋለሁ።